የሎሚ ኪስ

ድስቱ ፈልቷል፤ የቀረው የሚነከር ልብስ ነው።

ወይዘሮ ዓለሚቱ በለቅሶው ቤት ጓሮ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የእድሩን ትልቅ ብረት ድስት በሦስት ድንጋይ ጥደው ጥቁሩን ቀለም በረጅም እንጨት ያማስላሉ። ቀለሙን ከይፋግ ይዘውት ነው የመጡት። የወንድማቸው ልጅ መሞቷን በስልክ እንደሰሙ መጀመሪያ ጮኹ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ደረቡ፣ ከዚያ ሚኒባስ ከመሳፈራቸው በፊት ሱቅ ጎራ ብለው ቀለም ገዙ። እሳቸው እንዲህ ናቸው። እንባቸው የእውነት ነው፣ ዝግጅታቸውም የእውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስረሳቸውም።

«ያለውን ሁሉ አምጡ!» አሉ ለእድሩ ሴቶች። «ነጠላም ቢሆን፣ ቀሚስም ቢሆን፣ ሻሽም ቢሆን። እዚህ ቤት ነጭ ነገር እንዳላይ!»

ትናንት የተቀበረችው ሚሚ ናት፣ የአሰፋሽ አንድ ልጅ። ከባሕር ዳር ስትመለስ አለም ሳጋ ላይ ሚኒባሱ ተገለበጠ፤ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተሰባብረውም ቢሆን ተረፉ፣ እሷ አልተረፈችም። ነገ ሰልስቷ ነው። ነገ ደግሞ ከተራ ነው። ደብረ ታቦር በሙሉ ነጭ ለብሶ ታቦት ሊሸኝ ሲወጣ እዚህ ቤት ድንኳን ውስጥ ይለቀሳል። ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፣ ጮክ ብሎ ያነሳው ግን የለም።

አንዷ ሴት ከጓዳ አራት ቀሚስ ታቅፋ ወጣች። አንዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዱ ቅጠልያ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ የሱፍ አበባ የመሰለ ቢጫ። ከላያቸው አንድ ነጠላ ተደርቧል።

«እነዚህ ከሚሚ ሳጥን ውስጥ ናቸው። አዲስ ይመስላሉ» አለች።

«ይግቡ» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «አዲስ ጨርቅ ቀለም ይይዛል።»

«አይገቡም!»

ሁሉም ዞረ። አሰፋሽ በጓሮው በር ላይ ቆማለች። ከቀብር ከተመለሰች ወዲህ ሰው ካልደገፋት ተነስታ አታውቅም ነበር። አሁን ግን በባዶ እግሯ አመዱን እየረገጠች መጣችና ቀሚሶቹን ከሴትዮዋ እጅ ነጠቀቻቸው። ነጠቀቻቸው ነው የሚባለው፣ ሌላ ቃል የለውም።

«አሰፉ፣ ምን ሆንሽ?»

«እነዚህ አይነከሩም፣ እትዬ።»

«ልጅሽን ቀብረሽ ምን ልትለብሽ ነው ታዲያ? ቅጠልያ?»

«እኔን ደግሞ ምን ሊያለብሱኝ ነው? ይዩኝ እስቲ! ከአናቴ እስከ እግሬ ጥቁር ነኝ። ወንድምዎ ከሞተ ጀምሮ አላወለቅሁም። ከዚህ የባሰ ጥቁር ከየት ይምጣልኝ?»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ አቆሙት። ለባሏ ከል የለበሰች ሴት፣ ያንኑ ሳታወልቅ ልጇ ስትሞትባት ሐዘኗን በምን ታስበልጠው? የአገሩ ልማድ ለብዙ ነገር መልስ አለው፤ ይህን ግን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ይሁን፣ ዛሬ ይዘሻቸው እደሪ» አሉ በመጨረሻ። «ነገ አገር ይመጣል። የይፋግ ዘመድ በሙሉ ይመጣል። እንግዳው ሳይገባ እነዚያን ቀሚሶች ትሰጭኛለሽ። ድስቱን አልደፋውም።»

«አይድፉት» አለች አሰፋሽና ቀሚሶቹን እንዳቀፈች ወደ ቤት ገባች።

ሚሚ ከዐረብ አገር የተመለሰችው ባለፈው ግንቦት ነው። ጎረቤቱ ወርቅና ቴሌቪዥን ሲጠብቅ እሷ የስፌት መኪና ይዛ ገባች። መስኮቱ ሥር ተከለችው። ሰኔ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ጧት ሳሎኑን ጠርጋ፣ ምንጣፉን አንስታ፣ ጨርቆቿን መሬት ላይ ዘረጋችና እናቷን ጠራቻት።

«ነይ ተቀመጭ፣ እማዬ። ገበሬ ዘር የሚፈልገው ዝናብ ከመጣ በኋላ ነው?»

«አይደለም።»

«ልብስም እንዲሁ ነው። አስቀድሞ ይታሰባል። አሁን ይኸ ጥቁር ሰማያዊ የክረምት ነው፤ ወፍራም ነው፣ እጅጌው ረጅም ይሆናል፣ ታቹን ግን አሳጥረዋለሁ፤ የዚህን አገር ጭቃ መቸም አንች ታውቂዋለሽ። ቅጠልያው የመስከረም ነው። ነጩ የጥምቀት። ቢጫው የፋሲካ። ሹራቡ ከአራቱም ጋር ይሄዳል፣ ነጠላውም ከአራቱም ጋር ይሄዳል። ስለዚህ አራት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ነጠላ። ዓመቱን ሙሉ ሌላ አያስፈልግሽም።»

«የማን ልብስ ነው የምታወሪው?»

«ያንች ነዋ።»

«እኔ ከል ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ላወጣሽ ነው። ከጥቁር ወደ ነጭ በአንድ ጊዜ ብትዘይ ትወድቂያለሽ፣ ስለዚህ ደረጃ ሠራሁልሽ። ሰማያዊው ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ነው፤ ማንም አያውቅብሽም።»

«ከል የሚያስወልቅ ሽማግሌ ነው። መቀስ ሲያስወልቅ አላየሁም» አለች አሰፋሽና ተነሳች።

ልክሽን ልውሰድ ብትላት አልቆም አለች። ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ምንም። ሚሚ ሁለት ቀን ለመነቻት። በሦስተኛው ቀን አሰፋሽ በርበሬ ስትቀነጥስ ከኋላዋ መጥታ እቅፍ አደረገቻት። አሰፋሽ ልጇ ናፍቃት መሰላት፤ ደስ አላት፣ ዝም ብላ ታቀፈች። ሚሚ በሁለት እጇ ክር ይዛ ኖሯል።

«ለካሁሽ!» ብላ እየሳቀች ሮጠች።

ደግሞ ነገሩ በዚያ አላበቃም። አሰፋሽ ሌላ ሰበብ አላት።

«ኪስ አለው?»

«ምን ልታደርጊበት?»

«መሃረብ ልይዝበት ነዋ።»

«ለመሃረብ ኪስ አልሰፋም። ኪስ ካለሽ መሃረብ ትይዣለሽ፣ መሃረብ ከያዝሽ ደግሞ ታለቅሻለሽ።»

«ኪስ የሌለው ቀሚስ አልለብስም። አለቀ።»

ሚሚ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ለሎሚ ከሆነ እሰፋልሻለሁ። በጥምቀት አንዱ ሽማግሌ ሎሚ ቢወረውርሽ የት ታደርጊዋለሽ?»

«ሂጅ ወዲያ! ባለጌ!» አለች አሰፋሽ፤ ጫማዋን አንስታም ወረወረችባት። ግን ቶሎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ምክንያቱም ስቃ ነበር። በእሷ ዕድሜ፣ በእሷ ከል፣ ሎሚ!

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። ሰው እየገባ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላል፣ ጥቂት ያለቅሳል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ቡናውን ፉት ይላል፣ ከዚያ ወሬው ይጀመራል። የለቅሶ ቤት ወሬ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ጆሮ ግን አይስተውም።

«ለቁልፍ ብላ ነው አሉ ባሕር ዳር የሄደችው።»

«የምን ቁልፍ?»

«የቀሚስ ቁልፍ። ለእናቷ ቀሚስ።»

«ውይ! ለቁልፍ!»

አሰፋሽ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያዘነች መስሏት ነበር፤ ለካስ ተናዳለች። በመንገዱ ተናዳለች፣ በሞት ተናዳለች፣ አሁን ደግሞ ልጇን ከአንድ ቁልፍ ጋር በሚመዝኗት በእነዚህ ሴቶች ተናዳለች።

«አዎ፣ ለቁልፍ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ልጄ ለስርቆት አልሄደችም። እናቷን ልታለብስ ሄደች። ሌላ የምትጠይቁት አለ?»

አንዷ ሴት ሳለችና ንፍሮዋን ዘገነች።

እውነቱ ይኸ ነው። የዚያን ዕለት ጧት ሚሚ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ስታስር አሰፋሽ ምስር ትለቅም ነበር።

«እዚህ ገበያ ቁልፍ ጠፍቶ ነው?»

«እዚህ ያለው የሸሚዝ ቁልፍ ነው። እኔ የምፈልገው ክብ፣ ነጭ፣ እንደ አተር ያለ ነው። የአንገቱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«በከንቱ ነው የምትለፊው። አልለብሰውም አልኩሽ እኮ።»

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!» አለች ሚሚ እየሳቀች።

«ይበጣጠስ!» አለች አሰፋሽ። ዞራም አላየቻትም፤ ምስሩ ውስጥ ጠጠር አግኝታ ነበር።

ሚሚ ስቃ ወጣች። ተረት ነው፣ ቀልድ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ነገር ግን አሰፋሽ ለልጇ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ያ ሆኖ ቀረ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ የምታስበው ይህንኑ ነው። ነጩ ቀሚስ ድስት ከገባ ያ ቃል ይፈጸማል። የእሷ ቃል ልጇን ያሸንፋታል። አሰፋሽ በሕይወቷ ብዙ ክርክር ማሸነፍ ትወድ ነበር፤ ይህን ግን ማሸነፍ አልፈለገችም።

ንፍሮ የምታዞረው ገነት ናት፣ የአጥሯ ማዶ ጎረቤት። ገነት ባሏ በሞተ በአራተኛው ወር ከሏን አውልቃ ቀይ ሹራብ ለብሳ ገበያ የወጣች ሴት ናት። ያን ጊዜ ሰፈሩ አወራባት፤ ሰፈሩ ሲያወራ ደግሞ ምሳሌ አድርጎ የሚጠራው አሰፋሽን ነበር። «ሐዘንስ እንደ አሰፋሽ!» ይሉ ነበር። አሰፋሽም የተጠራችበትን ስም አልጠላችውም። ገነትን መንገድ ላይ ስታገኛት ሰላምታዋን ታሳጥርባት ነበር።

አሁን ገነት ሳህኑን ይዛ ፊቷ ስታጎነብስ አሰፋሽ እጇን ያዘቻት።

«ገነት፣ ያን ጊዜ ከሉን ለምን አወለቅሽው?»

ገነት ግራና ቀኝ አየች። «ልጄ ፈራችኝ» አለች ቀስ ብላ። «ስጠራት ከአልጋ ሥር ትገባ ነበር። የሞተ አባቷን ላስብ ብዬ ያለችውን ልጅ ላጣ ነበር።»

«ይህን ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አሰፋሽ እጇን ሳትለቅ «ካውያ አለሽ?» አለቻት።

«የከሰል ነው ያለኝ። ምን ልትተኩሽበት?»

«ነገ ጧት ይዘሽልኝ ነይ። በጓሮ በኩል ግቢ።»

አሰፋሽ የክረምቱን ቀሚስ ለብሳው ታውቃለች፤ ይህን ሰው አያውቅም። ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲጠና፣ ሚሚ ቤት ሳትኖር፣ ሰማያዊውን ከከሉ ሥር ለበሰችው። ሞቃት ነበር። በማግስቱም ለበሰችው። አንድ ቀን እሳት ልታነድ ጎንበስ ስትል ከጥቁሩ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ሰማያዊ ታየ። ሚሚ አየችው። ቀኑን ሙሉ መኪናዋን እየረገጠች ስታንጎራጉር ዋለች።

ቅጠልያውን አልለበሰችውም። ስለ እሱ ተጣሉ። መስከረም ሲጠባ ሚሚ ተኩሳ አልጋዋ ላይ ዘረጋችላት፤ አሰፋሽ አጥፋ መለሰችላት። ያን ቀን ነው ሚሚ የተቆጣችው።

«እኔ እዚያ ሰባት ዓመት ዩኒፎርም ለበስኩ፣ እማዬ። ያውም ሌላ ሰው የመረጠልኝን፣ አንገቱ የሚያንቀኝን። ለገበያም እሱን፣ ለበዓልም እሱን። አሮጊቷ እመቤቴ ግን ወቅት በመጣ ቁጥር ሳጥኗን አስከፍታ፣ ይኸ የብርድ ነው፣ ይኸ የሙቀት ነው እያለች ታስለየኝ ነበር። ስፌት ያስተማረችኝም እሷ ናት። ልብሷን ባጠፍኩ ቁጥር የማስበው አንችን ነበር፤ ስመለስ እናቴም የራሷ ወቅት ይኖራታል እል ነበር። እኔን ሰው አስገደደኝ። አንችን ማን አስገደደሽ?»

አሰፋሽ መልስ ነበራት፣ አልተናገረችውም። ባሏ ሙላቴ በሞተ ዓመት ነው ሚሚ ያለ እሷ ፈቃድ የሄደችው። ያን ጊዜ አሰፋሽ ለራሷ «ልጄ በሰላም እስክትገባ አላወልቅም» ብላ ነበር። ልጇ ገባች፤ እሷ ግን ከልማዷ አልወጣችም። ጧት ተነስታ ያንኑ ጥቁር በራሷ ላይ ስታጠልቅ ምንም ማሰብ አያስፈልጋትም። ሰው ማሰብ የማያስፈልገውን ነገር ቶሎ አይተውም።

የከተራ ዕለት ጧት ገነት ፍሙን ካውያው ውስጥ አድርጋ በጓሮ ገባች። ድስቱ አሁንም እንደተጣደ ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ያስደረድራሉ።

አሰፋሽ ገላዋን ታጥባ ጠበቀቻት። ገነት ነጩን ቀሚስ አልጋው ላይ ዘርግታ፣ እርጥብ ጨርቅ ደርባ ተኮሰችው። ሲያልቅ አሰፋሽ ከሏን በራሷ ላይ ስባ አወለቀችና መሬት ጣለችው። ነጩን አጠለቀች።

ወገቡ ልኳ ነው። እንደዚያ ጊዜ እቅፍ ነው፣ አላጠበቀም፣ አላላላም። ገነት አንገቱን ልትቆልፍላት ብትፈልግ ቁልፍ የለውም፤ ቁልፎቹ አለም ሳጋ ቁልቁለት ላይ ፈስሰው ቀርተዋል። ከራሷ ነጠላ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ አያያዘችላት።

አሰፋሽ ቀሚሱን ለማስተካከል እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች። ጣቷ አንድ ቀዳዳ አገኘ። ስፌቱ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ከውጭ የማይታይ። ሦስት ጣት አስገባች፤ ከዚያ በላይ አይገባም። ጠባብ ናት፣ ክብ ናት፣ ጥልቀቷ የአንድ ሎሚ ነው። የአንድ ሎሚ፣ የሌላ የምንም አይደለችም።

አሰፋሽ ሳቀች። ሳቋ ከሆዷ መጣ፣ ልትይዘው ብትል አልያዝ አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ከሚሚ ወዲህ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ወሬ ጸጥ አለ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ በሩን ከፍተው ገቡ። መጀመሪያ ያዩት ነጩን ነው። ደረታቸውን ያዙ።

«በሥላሴ! አብደሽ ነው ወይ?»

«አላበድኩም፣ እትዬ።»

«አውልቂው! እንግዳው ዳገቱን ወጥቷል! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሲባል አብሬ እል ነበር፤ ገነትን ይጠይቋት።» አሰፋሽ ጎንበስ ብላ ከሏን ከመሬት አነሳችና በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። «ድስቱ አልተደፋም አይደል? ይችን ይንከሩልኝ። ደብዝዛለች።»

በእርግጥም ደብዝዛ ነበር። ብርሃን ላይ ስትታይ የሻገተ ዳቦ መልክ ይዛለች። ወይዘሮ ዓለሚቱ ጨርቁን እንደታቀፉ ቀሩ፤ ለወንድማቸው የተለበሰ ከል ነው፣ አይጥሉት ነገር።

«ወንድሜን ይህን ያህል ዘመን አዝነሽለት» አሉ ድምፃቸው እየተሰበረ፣ «ለገዛ ልጅሽ አንድ ቀን በዛብሽ?»

«ሙላቴን በጥቁር አዘንኩት» አለች አሰፋሽ። «ልጄንም በዚያው ባዝናት ከአባቷ በምን ትለያለች? ጥቁር በጥቁር ላይ አይታይም፣ እትዬ። ይኸ ግን ይታያል። ይኸው እርስዎም ከበሩ ሆነው አዩት።»

ነጠላውን ከአልጋው አንስታ ለበሰች። ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ አደረገችው፤ ሐዘንተኛ የሚለብሰው እንደዚያ ነው። ያን አልተወችም። ከዚያ በፊታቸው አልፋ ወደ ድንኳኑ ወጣች።

ድንኳኑ ውስጥ የንስሐ አባቷ መምሬ ፋንታው ቆመው ነበር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለአንድ አፍታ ጎራ ብለው ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ተከትለው ወጡና እሳቸው ላይ ወደቁ።

«አባታችን፣ ይገሥጹልኝ! ይዩዋት!»

መምሬ ፋንታው አሰፋሽን አዩ። ቀጥሎ የራሳቸውን ነጭ ልብስ አዩ። «ታቦት ሊወጣ ነው፣ እመቤቴ» አሉ። «እኔም ነጭ ለብሻለሁ፤ ማንን ልገሥጽ?» መስቀላቸውን አሰፋሽ ግንባር ላይ አኑረው፣ «ነፍሷን ይማርልሽ» ብለው ፈጥነው ወጡ።

አሰፋሽ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ጥቂት ፈቀቅ አሉ። ገነት ግን መጥታ ጎኗ ተቀመጠች።

የይፋግ ዘመድ ሲገባ ጩኸቱ ከአጥሩ ውጭ ጀመረ። ከፊት ያሉት አባ ሲሳይ ናቸው፣ የሙላቴ አጎት፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሚሚን ሕፃን ሆና ነው የሚያውቋት፣ አሰፋሽንም ካዩ ዘመን የለውም። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ!» እያሉ ገቡ። ዱላቸውን ጣሉ። ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ጥቁር የለበሰውን ፈለጉ፤ ከሁሉም የጠቆረውን አገኙ፤ ሄደው የወይዘሮ ዓለሚቱ አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

«አይዞሽ! እናት መሆን ክፉ ነው! አንድ ልጅሽን! እግዚአብሔር ያጥናሽ!»

ከኋላ ያሉትም ተከተሉ። አንዱ ሲለቃቸው ሌላው ይይዛቸዋል። ወይዘሮ ዓለሚቱ በሰው መሃል ሆነው «እኔ አይደለሁም… እኔ እኮ…» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው። አሰፋሽ አጠገባቸው ተቀምጣ የእሷ ሐዘን ለሌላ ሰው ሲታደል አየች።

ተነሳች።

«እዚህ ነኝ!» አለች። «የሞተችብኝ እኔ ነኝ!»

ጩኸቱ ቆመ። አባ ሲሳይ ዞሩ። ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«አንች ማን ነሽ?»

«አሰፋሽ ነኝ። የሚሚ እናት።»

«ነጭ ለብሰሽ?»

«ልጄ የሰፋችልኝን ለብሼ። ለዛሬ ብላ የሰፋችውን። የአንገቱን ቁልፍ ልታመጣ ሄዳ ነው የሞተችብኝ። ልታለብሰኝ ስትል እንቢ ብያት ነበር፤ አሁን ደግሞ እናንተ አትልበሽ ብትሉኝ እንቢ ነው የምላችሁ። ደግማችሁ አልቅሱልኝ። ልጅ ያጣሁት እኔ ነኝ።»

አባ ሲሳይ ቀረቡ። የደከመ ዓይናቸው ስላልበቃቸው የእጅጌዋን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው ዳሰሱት፣ ስፌቱን እየተከተሉ እስከ ክርኗ ሄዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደህና ሥራ ሲያዩ የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ እሱው አመለጣቸው።

«እጇ ይባረክ» አሉ።

ለሕያው የሚባል ነው። እሳቸውም ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ሰሙት፤ ድንኳኑም ሰማው። ከዚያ አንድ ሴት ቀደመች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ወንዶቹም ሳይቀሩ አለቀሱ። ሽማግሌው አሰፋሽን አቀፏት። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም። ልጇ ናት፣ አንድ ልጇ ናት፣ ከእንግዲህ በዚያ በር አትገባም፤ ይህን ሁሉ ስሟን እየጠራች አለቀሰችው።

ለቅሶው ገና ሳይበርድ ከበሮው ተሰማ። ታቦቱ በመንገዱ ላይ ሊያልፍ ነው። የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ፤ ታቦት ሲያልፍ ሐዘንተኛም ቢሆን ተቀምጦ አይቀርም። ከድንኳኑ ወጥተው አጥሩ ጥግ ቆሙ። መንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆኗል፣ ጥላዎቹ በሰው አናት ላይ ይወዛወዛሉ፣ ልጃገረዶቹ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ይዘፍናሉ። አሰፋሽ ከጥቁሮቹ መሃል ወጥታ ፊት ቆመች። ከመንገዱ ሆኖ የሚያያት ሰው ከበዓሉ ወገን ነች ይላል፤ ከድንኳኑ የሚያያት ደግሞ የለቅሶው ባለቤት መሆኗን ያውቃል። ታቦቱ ከፊቷ ሲደርስ እልል ልትል አፏን ከፈተች። እልልታው ግማሽ ላይ ተሰበረ። ጨረሰችው።

ወይዘሮ ዓለሚቱ መጥተው ጎኗ ቆሙ። አላዩዋትም፤ ታቦቱን ነው የሚያዩት። ከጉያቸው የራሳቸውን መሃረብ፣ ያን ሰፊውን፣ ትናንት የነከሩትን አወጡና እጇ ላይ አኖሩላት።

አሰፋሽ ተቀበለቻቸው። ፊቷ እርጥብ ነው፣ እንባው በአገጯ ይወርዳል። መሃረቡን አራት አጥፋ ወደ ጎኗ ወሰደችው። ጫፉ ብቻ ገባ። ደግማ አጠፈችው፣ ደግማ ሞከረች። አሁንም እንቢ አለ።

«አይገባም» አለች። «ያዙት፣ እትዬ። ይች የሎሚ ናት።»

መሃረቡን መለሰችላቸው። ጣቶቿን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች፣ ፊቷን ሳትጠርግ፣ ታቦቱ እስኪያልፍ ቆመች።